ደጅ ቆሜ «የለችም» የተባልኩባቸው ሦስት ቀናት

ኦስሎ፣ አመሩድ
የካቲት ወር

ለተከበሩ አቶ ገብረመድህን በቃሉ
የአመሩድና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ
ለአዳራሹ በር (ከሁላችሁም ይልቅ እሱ ያውቀኛልና)

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ? የዘንድሮው ብርድ ለጉልበትዎ እንዳልተመቸው ከሰው ሰምቼ አዝኛለሁና፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ እንደልቡ የሚታጠፍ፣ እንቅልፍዎ የሞላ፣ የእድሩም ማኅተም ቀለሙ ያልደረቀ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ለሥራ አስፈጻሚው አባላት በየማዕረጋቸው ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔም ከሰባት ዓመት በፊት ጨርሶ ከጠፋ ወዲህ የባሰበት ነገር የለም። ቱቫም ደህና ናት። ስለ እርሷ ባይጠይቁኝም ሊጠይቁኝ አስበው እንደነበር በመገመት ነው የነገርኩዎት።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ የማያውቁን ሰዎችም ሊያነቡት ይችላሉና ስለ ቱቫ ጥቂት ልበል። ቱቫ አምስት ዓመት የሞላት፣ ቢጫ ናት የሚሉኝ ላብራዶር፣ መሪ ውሻዬ ናት፤ ኖርዌጂያኖቹ ፎረርሁንድ ይሏታል። በማሠልጠኛ ተምራ ናቭ በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩል ባለፈው ሐምሌ በውሰት የተሰጠችኝ ስለሆነች የእኔ እንኳ አይደለችም፣ የመንግሥት ናት። ነጩ ማሰሪያዋ ጀርባዋ ላይ ካለ ሥራ ላይ ነች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አትጮህም፣ ከሰው ጋር አትጋፋም፣ ከማንም እጅ ቁራሽ አትቀበልም፣ ያልተጠራችበት አትገባም። ስለ እድራችን አባላት ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለመመስከር ይከብደኛል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ በጥር ወር መጨረሻ ከእርስዎ በፖስታ የደረሰኝ፣ በፊርማዎና በክብ ማኅተም የተረጋገጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ዓይነ ስውር ለሆነች አባል በወረቀት፣ ያውም በደቃቅ ፊደል መጻፍዎ ከሌላው ሰው ሳይለዩ ስላዩኝ መሆኑን ተረድቼ አመስግኛለሁ። ያነበበችልኝ ልጄ ሜሉ ናት። ሜሉ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ የአማርኛ ፊደል ቅዳሜ ቅዳሜ የቆጠረች ልጅ ናትና የምታነበው ፊደል በፊደል ነው። ስለዚህ «ይሰረዛሉ» የምትለው ቃል ብቻ ተነብባ እስክታልቅ ድረስ እኔ ከእድሩ አምስት ጊዜ ተሰርዣለሁ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ በተከታታይ ሦስት ጊዜ በጥሪ ላይ ስላልተገኘሁ በመጪው እሑድ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ስሜ ከመዝገብ ይፋቃል የሚል ነበር።

መልሱን የምጽፈው ራሴ ነኝ። አዲስ አበባ እያለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ያስተማሩን ሴትዮ የመጀመሪያ ትእዛዛቸው ወደ ቁልፉ እንዳናይ ነበር። እነሆ ዛሬ ትእዛዛቸውን ያለ አንዳች ስህተት እየፈጸምኩ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ አንቀጽ ፲፯

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ከየት እንደመጣ አዳዲስ አባላት ላያውቁ ይችላሉ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እድሩን ስናቋቁም እርስዎ የአባትዎን ሰፈር እድር ደንብ ከአዲስ አበባ ፎቶ ኮፒ አስደርገው አስመጡልን፤ የሰፈሩን ስም ሰርዘን አመሩድ ብለን ጻፍንበትና የቀረውን እንዳለ አጸደቅነው። እኔም እጄን አውጥቼ ነበርና ጥፋቱ የጋራችን ነው። በዚያ ደንብ አንቀጽ ፲፯ ላይ፣ በለቅሶ ጊዜ ተረኛው አባል ዱላ ይዞ በድንኳኑ ደጃፍ በመቆም ውሻ እንዳይገባ ይከላከል ይላል። የሰፈሩ አባቶች ይህን የጻፉት ለተዝካር በሬ ሲጣል የአካባቢው ውሻ ሁሉ ጥሪ እንደደረሰው ሰው ተሰልፎ እየመጣ ስላስቸገራቸው ነው፤ እውነት አላቸው። በአመሩድ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ውሻ ወደ ለቅሶ አልመጣምና አንቀጹ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። በኅዳር ወር እኔና ቱቫ ደረስንለት።

የዚያን ቀን ለቅሶው የአንድ አባላችን አባት ያረፉበት ነበር፤ የበሩ ተረኛ ደግሞ አቶ ሳምሶን። አቶ ሳምሶን ደንብ አክባሪ ሰው ናቸውና ዱላ ያዝ የሚለውን ለመፈጸም ቢፈልጉ ዱላ አጡ፤ በመጨረሻ ከአዳራሹ ቁም ሣጥን የልጆች የበረዶ መንሸራተቻ ምርኩዝ አግኝተው እሱን ይዘው ቆሙ። ምርኩዙ ሲሚንቶውን ቋ ቋ ሲያደርግ እየሰማሁ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ቱቫም አልገባትም፤ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀች። አቶ ሳምሶን ምርኩዙን እንደያዙ አንዴ እኔን፣ አንዴ ደንቡን ይቅርታ ሲጠይቁ ብዙ ቆየንና ሐዘንተኛውን ደጃፍ ላይ አስጠርቼ እግዚአብሔር ያጽናህ ብዬ ተመለስኩ። በመዝገቡም አልተገኘችም ተባልኩ። ይህ አንድ።

በነገራችን ላይ፣ የዚሁ ደንብ አንቀጽ ፲፰ በክረምት ወራት በድንኳኑ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ እንዲቆፈር፣ አንቀጽ ፲፱ ደግሞ የድንኳኑ ካስማ እንዳይሰረቅ ሁለት ሰው እንዲያድርበት ያዛል። ድንኳን ስለሌለን ሁለቱንም ትተናቸዋል፤ ማንም ዶማ ይዞ የአዳራሹን አስፋልት ሲቆፍር አልተሰማም። ከሦስቱ አንቀጾች በሕይወት የተረፈው የእኔ ብቻ ሆኖ በመገኘቱ ለተደረገልኝ ልዩ ትኩረት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

፪ኛ/ ስለ ተረኛ መሪዎች

ጉዳዩ ወደ ሥራ አስፈጻሚው ቀርቦ የተሰጠው ውሳኔ ደግነት የተሞላበት ነበር። ሰው እያለ በውሻ መመራት ወገንን ማሰደብ ነውና፣ ወይዘሮ ቆንጂት፣ ማለትም እኔ፣ ቱቫን ቤት ትታ ትምጣ፣ በየተራ እጇን ይዘው የሚያመጧት አባላት ይመደቡላት አላችሁ። በአገራችን ዓይነ ስውር የሚመራው በሰው እጅ ነው፤ የሚመራውም ሰው ጽድቅ ያገኝበታል። ጽድቃችሁን ላለመከልከል እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ እሺ ያሰኘኝ ይሉኝታ ነው፤ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

የተረኞቹን ስም አልጠቅስም፤ ሁሉም ወዳጆቼ ናቸው። የመጀመሪያዋ ከቤቴ እስከ ቴባነው፣ እስከ ከተማ ባቡሩ ጣቢያ ባለችው አጭር መንገድ ስድስት ሰው ሰላም አሉ፤ ለስድስቱም ምን ያህል ምስኪን እንደሆንኩ እኔው ፊት ቆመው አስረዱልኝ። ሁለተኛው ጥሪ ወደማይደረግበት የበሽተኛ ጥየቃ ሲወስዱኝ መጀመሪያ ጤፍ ልግዛ ብለው የአበሻ ሱቅ ወዳለበት ወደ ግሮንላንድ ሰፈር ይዘውኝ ወረዱ፤ ከበርበሬው መደርደሪያ አጠገብ አቁመውኝ መጣሁ ብለው ሄዱ። ባለሱቁ የምመርጥ መስሎት ሦስት ዓይነት በርበሬ አስሸተተኝ፤ ሚጥሚጣም ጨመረልኝ። ለካ ሰውዬው ጤፋቸውን ተሸክመው በቴባነ አመሩድ ከደረሱ በኋላ፣ ኬሻውን ሲያወርዱ አንድ የቀረ ነገር እንዳለ ትዝ ብሏቸዋል። ተመልሰው ሲመጡ በጣም አፍረው ነበርና እኔው አጽናናኋቸው። ቱቫ ብዙ ጉድለት ይኖርባት ይሆናል፣ ጤፍ ልግዛ ብላ ግን ጥላኝ ሄዳ አታውቅም።

ሦስተኛው ተረኛ በታኅሣሥ ወር ለነበረው ስብሰባ ሊወስዱኝ ነበር፤ መኪናቸው አልነሳ ብሎ ቀሩ። በክፋት አልነበረም። ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ አንድ ሰዓት አለፈ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ራሴ የተሰማኝን ንዴት አልረሳውም። ብድግ ብዬ የቱቫን ማሰሪያ አጠለቅኩላት። በረዶው እንደ መስተዋት ሆኖ ነበር፤ ቱቫ እያሳለፈች፣ እየቆመች፣ ሁለት መንገድ አሻግራ በአሥር ደቂቃ አዳራሹ በር ላይ አደረሰችኝ። በሩ ላይ አንቀጽ ፲፯ ቆሞ ጠበቀን።

ውስጥ ሙቀቱ በዝቶ መስኮት ተከፍቶ ስለነበር ሁሉም ነገር ይሰማኛል። ጸሐፊያችን አቶ ኪሩቤል ጥሪ ጀመሩ፤ እሳቸው አልናብሩ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ ድምፃቸው ከጭነት ማንሻ ማሽን ጩኸት በላይ እንዲሰማ የሠለጠነ ነው። ስሜን ከነአባቴ ሲጠሩ እኔም በመስኮቱ በኩል ጮክ ብዬ «አለሁ» አልኩ። ቀጥሎ የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ነበር።

«ከደጅ ያለ ሰው ተገኘ አይባልም። የለችም ብለህ ጻፍ።»

አቶ ኪሩቤል የሚቀጥለውን ስም የጠሩት ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር። ዕድሜ ልኬን ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ አለሁ እያልኩ የለችም የተባልኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ይህ ሁለት።

፫ኛ/ ስለ ኢትዮጵያ

ይህን ያለ ቀልድ እጽፈዋለሁ፤ ይታገሡኝ።

ኢትዮጵያ ጓደኛዬ ነበረች። አሥራ አራት ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ስናጸዳ ኖረናል፤ እሷ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ እየጀመርን መሐል ላይ እንገናኛለን። ዓይኔ እየደከመ ሲሄድ ከአለቃችን የደበቀችልኝ፣ እኔ የዘለልኩትን ጠረጴዛ ተመልሳ የወለወለችው፣ በኋላም ሐኪም ቤት ይዛኝ የሄደችው እሷ ናት። ባለፈው መከር ታማ አልጋ ስትይዝ እኔ ደግሞ በተራዬ በየሁለት ቀኑ እሄድ ነበር፤ ማለቴ ቱቫ ትወስደኝ ነበር። ማሰሪያዋን ሳወልቅላት ቱቫ ከኢትዮጵያ አልጋ ሥር ትተኛለች፤ ኢትዮጵያም እጇን አውርዳ ጆሮዋን ስታሻሽ ትውላለች። አንድ ቀን ዘግይተን ብንደርስ የተቆጣችው እኔን እንጂ ቱቫን አልነበረም።

ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን አረፈች። የለቅሶው ዕለት ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነበር። እኔ ደጅ ቆምኩ። አባላት አንድ በአንድ እየወጡ አንገቴን አቅፈው አብረውኝ አለቀሱ፤ አልቅሰውም ወደ ሙቀቱ ተመለሱ። እንዴት ነው ለሐዘኔ መውጣት የሚቻለው፣ ለእኔ መግባት የማይቻለው? እርስዎም ወጥተው ውሻዋን ከብስክሌት ማቆሚያው ጋር እንሰርና እጅሽን ይዘን እናስገባሽ አሉኝ። እምቢ አልኩ። እርስዎን መነጽርዎን ደጅ ሰቅለው ይግቡ ያለዎት ሰው የለም፤ እንኳን በዚያ ብርድ እየሠራች ያለችን ፍጥረት ከብረት ጋር ማሰር።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ስለ ኢትዮጵያ የተነገረውን ሰማሁ። የተናገሩት ሰው ዝምተኛ ሴት ነበረች አሉ። ኢትዮጵያ ዝምተኛ አልነበረችም። ሠላሳ ሁለት ቢሮ ጠርገን እስክንጨርስ የማትተርከው፣ የማትቀልደው፣ ስለ እርስዎም ስለ እኔም የማትለው ነገር አልነበረም። ዝም ያለችው እናንተ ፊት ብቻ ነው። ይህን የሚያርም ሰው ደጅ ቆሞ ነበርና ሳይታረም ቀረ፤ ጓደኛዬ ያልነበረችውን ሴት ሆና ተለቀሰላት። ለዚህ ይቅርታ ማድረግ እንደምችል እስካሁን አላወቅሁም።

ያን ቀን ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ወይዘሮ ሐምዲያ። እሳቸው ሙስሊም ናቸውና፣ ውሻ ቢነካቸው ከሶላት በፊት ሊያጥቡት የሚገባ ነገር እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከመላው እድራችን እውነተኛ ምክንያት ያላቸው እሳቸው ነበሩ። ያደረጉት ነገር ቢኖር ቱቫን ወደ ግራሽ አድርጊያት ብለውኝ በቀኜ መቆም ነው። ስብሰባ አልጠሩም፣ ቃለ ጉባኤ አልያዙም። ክንዴን ይዘው እስከ መጨረሻው አብረውኝ ቆሙ፤ ሁለታችንም በመዝገቡ ላይ አልተገኙም ተባልን። ይህ ሦስት።

፬ኛ/ ስለ ርኵሰት

ውሻ ርኩስ ናት የሚል አስተያየት ከአባላት መቅረቡን ሰምቻለሁ። በሃይማኖቴ ኦርቶዶክስ ነኝና የማላውቀው ነገር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግረን የተስማማንበት መላ አለን፣ የእድሩን ድጋፍ አልጠየቅንም። አዳራሹ ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ማክሰኞ ማክሰኞ አረጋውያን ቢንጎ ይጫወቱበታል፣ ሐሙስ ሐሙስ ዳንስ ይማሩበታል፣ ባለፈው ዓመት በእርስዎ ልጅ ምርቃት ማግስት አዳራሹን ያጸዳነው ሴቶች ደግሞ ስለ ርኵሰት ብዙ እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ የሚባል አነጋገር አለን፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ ደርሶብኛል። አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ግን ይንገረኝ፣ እሱ በአንዱ ጥግ እኛ በሌላው እንቀመጣለን። እስካሁን የቀረበ የለም፤ የቀረበው ምርኩዝ ብቻ ነው።

፭ኛ/ ስለ ሕግ

ሜሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንክሰስ ስትል ነበር። እኔ ደግሞ እድርን በፈረንጅ ሸንጎ መክሰስ ነውር ነው፣ የቤት ገመና ነው፣ ሽማግሌዎቹ ያስቡበታል እያልኩ ሦስት ወር አስታገሥኳት። የእርስዎን ማስጠንቀቂያ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ።

«ናይ ማሚ፣ አይሆንም። ይሄ እኮ ይፈቅዱልሽ ብለሽ የምትለምኚው አይደለም። ሬቲግሄት ነው።»

መብት ማለቷ ነው። ቃሉን በአማርኛ አላወቀችውም፤ ከእኔ ሰምታው አታውቅማ። ይህ ከማስጠንቀቂያው ይበልጥ አሳፈረኝ።

ስለዚህ ጠበቃ አማከርኩ። የዚህ አገር የእኩልነትና የፀረ መድልዎ ሕግ በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን ማግለል ይከለክላል፤ አንቺ ግቢ፣ መሪ ውሻሽ ግን ትቅር ማለትም ያው ማግለል ነው፤ ሕጉ ደግሞ ለሱቅና ለሆቴል ብቻ ሳይሆን ለማኅበራትም ነው አሉኝ። እኛ ኖርዌጂያን ማኅበር አይደለንም የሚል መከራከሪያ ቢያስቡ፣ እድሩ በብሮኖይሱንድ የማኅበራት መዝገብ የገባ መሆኑን ላስታውስዎ፤ ያስመዘገቡት እርስዎ ነዎት፣ ያን ቀንም ኬክ በልተናል። እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚሰማ ዲስክሪሚነሪንግስኔምንዳ የሚባል ሸንጎ አለ። ስሙን መጥራት አቤቱታውን ከመጻፍ ይከብዳል። ትናንት ቅጹን ሞልቼ ልኬዋለሁ።

ሽማግሌ ልላክ ቢሉ ደስ ይለኛል። ለመጡት ሁሉ ወንበር አለኝ፤ በእኔ ቤት ማንም ደጅ አይቆምም። አቤቱታዬን አንሺ የሚሉኝ ከሆነ ግን መንገዱን በከንቱ እንዳይደክሙበት ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፣

ምን ያህል እድር ወዳድ ብትሆን ነው የሚሉ ይኖራሉ። እንዲያውም አንዳንድ ወዳጆቼ፣ ተይው፣ በዚህ አገር ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ይቀብርሻል ይሉኛል። እውነት ነው፣ ኮሙኑ ይቀብረኛል። ኮሙኑ ግን ልጄ ዘንድ መጥቶ አይቀመጥም። እኔ ሞትን አልፈራም፤ የምፈራውን ልንገርዎ። እኔ በሞትኩ ማግስት ሜሉ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚባል፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሳታውቅ በሩን ስታይ እፈራለሁ። ወንድም የላትም፣ አክስት የላትም። ያሏት እናንተ ናችሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማንንም ለቅሶ ያልቀረሁት፣ በሽተኛ የጠየቅሁት፣ ድስት ያጠብኩት ስለምወዳችሁ ነው፤ ደግሞም ለዚያች ቀን ነው። እሑድ የምትፍቁት የእኔን ስም ይመስላችኋል። የምትፍቁት ያን ቀን የልጄን በር የሚያንኳኳውን ሰው ነው። ይህን ደግሞ ዝም ብዬ አላይም፤ ባላይም አልፈቅድም።

ስለዚህ በአክብሮት የማሳውቅዎ፦ በመጪው እሑድ ከቀኑ በሰባት ሰዓት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እገኛለሁ። ከቱቫ ጋር እገኛለሁ። ደጅ አልቆምም፣ በመስኮት አልመልስም፣ በሰው እጅ እየተጎተትኩ አልገባም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከወይዘሮ ሐምዲያ በስተግራ እቀመጣለሁ፤ ቱቫ ከወንበሬ ሥር ትተኛለች፣ ንግግርዎ ከረዘመም ታንኮራፋለች። ስሜ ሲጠራ እንደገና አለሁ እላለሁ። መዝገቡ የሚለውን በዚያን ጊዜ እናያለን።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሦስት ወር ንጹሕ አየር ስላስተነፈሱኝ፣ የተከፈተ መስኮት ምን ያህል እንደሚያሰማ ስላስተማሩኝ፣ ከሁሉም በላይ ልጄ መብት የሚለውን ቃል በአማርኛ እንድትማር ምክንያት ስለሆኑ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ።

በመዝገብ የሌለሁ፣ በደጅ የታወቅሁ፣
የእድሩ መሥራችና ሙሉ አባል

ቆንጂት ወልደሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዳራሹ እኔ የምኖርበት የቦሬትስላግ፣ የነዋሪዎች የቤት ማኅበር፣ ንብረት መሆኑን ያውቃሉ፤ ነዋሪ እንደመሆኔ የእድሩን የኪራይ ውል ግልባጭ ጠይቄ ወሰድኩ። ስልኬ ኖርዌጂኛ አሳምሮ ያነባልና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነበብኩት። ዘጠነኛው ነጥብ ላይ፣ ተከራዩ መሪ ውሻ ይዞ የመጣን ሰው ወደ አዳራሹ ከማስገባት ሊከለክል አይችልም፣ ከከለከለ ውሉ በዚያው ዕለት ይቋረጣል ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ዓይን ያለዎት እርስዎ ሳያነቡ ፈርመዋል፤ ዓይን የሌለኝ እኔ አንብቤዋለሁ። እሑድ እኔን ደጅ ካስቀሩ፣ ከሰኞ ጀምሮ ደጅ የሚያድረው እድሩ በሙሉ ነው።